ካማኔ የገባችበት ቀፎ

ማርጊሽኬስ መንደር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማግስት፣ 1931

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን።

እትዬ ኡርሹሌ፣ እኔ በእግዚአብሔር ፈቃድ አለሁ። አንቺም ጽፈሽ መቆጣት እስከቻልሽ ድረስ ደህና ነሽ ማለት ነው።

አዎ፣ ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ታምሜም አልነበረም፣ ሰክሬም አልነበረም። በዚህ ክረምት አስተማሪዋ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ስታስቆጥር፣ ከጎረምሶቹ ጀርባ ተቀምጬ ተማርኩ። ጉልበቴ ከልጆች ወንበር ሥር አልገባ ብሎ ሲያስቃቸው ከረመ። ይሳቁ። እስከ ዛሬ የደረሰሽን ያን ሁሉ «ከማር የምትጣፍጪ እህቴ»፣ «በናፍቆትሽ እንባዬ እንደ ጅረት ይወርዳል» የጻፈልሽ ደወል ደዋዩ ሲልቨስትራስ ነው። እኔ «በጓ ሞተች፣ ጨው ተወዷል በላት» እለዋለሁ፤ እሱ እንባ ይጨምርበታል። እንባው የእሱ ነው፤ ከናፈቀሽ ለእሱ ጻፊለት። ሸካራው የእኔ ነው።

ሲልቨስትራስ ቢሆን በሦስት ገጽ ሰላምታ የሚያዘገየውን ወሬ አሁኑኑ ልንገርሽ። የአዶማስ ንቦች አለቁ፤ ክረምቱን አልወጡትም። ባሌ አዶማስ የሞተ ዕለት ቀፎውን አንኳኩተሽ ነግረሻቸዋል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ መንደሩ ሁሉ ጠይቆኛል። አንኳኩቻለሁ። «ጌታችሁ አርፏል፣ ከእንግዲህ እመቤታችሁ እኔ ነኝ» ብያቸዋለሁ። ሰምተውኝ ነው የሞቱት።

እንደ ወጉ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከፖም ዛፉ ሥር ቀበርኳቸው። ዋርሳዬ ባልትሩስም ባርኔጣውን አውልቆ መጥቶ ነበር። ለንቦቹ አዝኖ መስሎኝ ነበር እኮ። አፈሩን መልሼ ሳልጨርስ «እንግዲህ ንቡ የለም፤ የንብ ዝምድናችንም አብሮ ተቀበረ» አለኝ። መንደሩ ሊበተን ነው፣ እዚህም እዚያም ያለው ማሳ ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ በአንድ ቦታ ሊሰጥ ነው፤ በመኸር ቀያሹ ይመጣል። ባልትሩስ ያኔ ሊናገር ተዘጋጅቷል። የወንድሙ ሚስት ልጅ ስለሌላት ግቢውም ሜዳውም የእሱ ነው ሊል።

ታውቂያለሽ፣ የእሱ የንብ መንጋ ወጥቶ እኛ ዛፍ ላይ አርፎ ቀፏችን ካስገባነው ጊዜ ጀምሮ የንብ ዘመዶች ነበርን። የንብ ዘመድ ደግሞ በዳኛ ፊት አንዱ በሌላው ላይ አፉን አይከፍትም። ይህን ሁሉ ዘመን የባልትሩስን አፍ የያዘው ወንድምነት እንዳይመስልሽ።

ወደምትሠሪበት የቄሱ ቤት መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ላልሽኝ፣ አልመጣም።

አፖሎኒያ


ከቄሱ ቤት፣ ዠማይቲያ፣ የጰራቅሊጦስ ሳምንት

ለዘላለሙ አሜን።

ውድ እህቴ ፖሌ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ከልቤ አለቀስኩ። ይቅር በይኝና ሲልቨስትራስ ይሻል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በደብዳቤሽ የማውቃት እህቴ እንዲህ አትናገርም ነበር። ትንሽ ሰላምታ ወረቀት አይጨርስም።

ባልትሩስ ወደዚያ መጥቶ ነበር ወይ ብለሽ በዱቄት ነጋዴው ላክሽብኝ። ለንግሥ ስንቱ ሰው ይመጣል፣ ሁሉንስ ማን ያያል? ደግሞስ ቢመጣ ምን አለበት፣ ክርስቲያን ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ቀያሹ የተማረ ሰው ነው፣ ባልትሩስ ወንድ ነው፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ጎን ስለሆነ ይሞቃል። ድንቹን እኔ እልጣለሁ፣ አንቺ ትቀመጫለሽ። በእርጅና ሁለት እህትማማች አንድ ምድጃ ቢሞቁ ለማን ይከፋዋል? ግቢ ግቢ ነው፤ ይዘሽው አትቀበሪ።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። ቄሱ እግራቸውን ያማቸዋል። እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም።

እህትሽ ኡርሹሌ


ማርጊሽኬስ፣ የሥጋ ወደሙ በዓል ማግስት

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። ይኸው ሰላምታ፣ ይብቃሽ።

በኋላ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት የጠየቅሽኝ እውነት ነው። ማን እንደነገረሽ አልጠይቅም፤ ሲልቨስትራስ አሁን በራሱ ስም እንደሚጽፍልሽ አውቃለሁ። በአዶማስ የግንድ ቀፎ ውስጥ ካማኔ አስገብቻለሁ። አላበድኩም።

ከሜዳው ዳር ካለው ጉብታ ሣር ስሰበስብ ከአይጥ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ድስት ሲንተከተክ ሰማሁ። ያቺ ንብ የምትመስል፣ ወፍራም፣ እንደ በግ ጠጉራም፣ በልጅነታችን ማሯን በሸምበቆ መጥጠን የጨረስንባት ካማኔ ናት። ሁሉም ሲገቡ ጠብቄ ከነጎጇቸው በአዶማስ የክረምት ባርኔጣ አነሳኋቸው። መንደሩን ሁሉ በአንድ ባርኔጣ መያዝ ይቻላል፤ የእነሱ መንደር እንዲህ ነው። አንዷን ብትነኪያት በጀርባዋ ተንጋላ እግሯን ታነሳብሻለች። ወደድኳት።

ለምን እንዳስገባኋት ጠይቀሻል። ቀፎው ባዶ አይደለም ለማለት ነዋ። ባልትሩስ ዝምድናችን ከንቡ ጋር ሞተ ካለኝ፣ እንግዲህ በመንደሩ ፊት ቆሞ ንብ ምን እንደሆነች ያስረዳ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወንዶቹ አጥሬ ላይ ተደግፈው ቆሙ።

«ቀፎሽ ውስጥ ድምፅ አለ» አለኝ ሲልቨስትራስ።

«አለ።»

«ንብ ነው?»

«ጠይቃቸው።»

ባልትሩስ ገብቶ ጆሮውን ቀፎው ላይ አስደገፈ። ድምፁ ከንብ ይልቅ ወፍራም ነው፤ ያልተቃኘ ክራር ይመስላል። «ይቺ ንብ ከሆነች የእኔ አሳማ ጳጳስ ነው» አለ፤ ከዚያ ገና ከቅዳሴ መምጣቱ ትዝ ሲለው አማተበ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩን እኔ መምራት አላስፈለገኝም። አንዱ፣ ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋን ጥላ ትሞታለች፣ ይቺ ግን ነድፋ ምሳዋን ልትበላ ትሄዳለች አለ። ሌላው፣ የንብ ሰም ለመሠዊያ ሻማ ይሆናል፣ የካማኔ ሰም ለጫማ ክር እንኳ አይሆንም አለ። ማሯስ? ጭልፋ አይሞላም። ሲልቨስትራስ ደግሞ በሽምግልና ድምፁ፣ ንብ ስትሞት እንደ ሰው እንቀብራታለን፣ ካማኔን ቀብሮ የሚያውቅ እጁን ያውጣ አለ። ማንም አላወጣም። እኔም ተራዬን ጠብቄ ለከብት የምንዘራው ቀዩ ማገጥ አበባ ውስጥ የንብ ምላስ እንደማይደርስ፣ በዓመቱ ዘር የሚያዝልን በካማኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ይህንንስ ሁሉም ያውቁታል፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ።

ባልትሩስ ግን የፈለገውን አገኘ። ንብ በክረምት እልፍ ሆና ተቃቅፋ ትከርማለች አለ፤ ካማኔ ግን በመኸር ሁሏም ትረግፋለች፣ አውራዋ ብቻዋን አፈር ውስጥ ትገባለች። «ይኸው ነው። ብቻውን የሚኖር ነገር ንብ አይደለም።» ይህን ሲል ቀፎውን አልነበረም የሚያየው።

«ታዲያ በጸደይ ብቻዋን ነቅታ፣ ብቻዋን ቤት ሠርታ፣ የመጀመሪያ ልጆቿን ያለ ረዳት የምታሳድገው ማን ናት?» አልኩት። «ያንተ አውራ ያለ አጃቢ ከደጅ ወጥታ ታውቃለች?»

ዝናብ መጣ። የእሱ ንቦች ቀፏቸው ገቡ፣ ወንዶቹም ጎተራዬ ጣራ ሥር ገቡ። ካማኔዎቼ በካፊያው ውስጥ ይመላለሱ ነበር። ሁሉም ቆመው አዩ። ፍርድ ሳይሰጡ ተበተኑ።

አፖሎኒያ

የእጅ ጽሕፈትሽ ምን ሆነ? መስመሩ ሽቅብ ይወጣል።


ከቄሱ ቤት፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ

ውድ እህቴ፣

ጽሕፈቴ የተበላሸው ብዕሩ ስለ ዶለዶመ ነው፤ አታስቢ።

ነገርሽን ለቄሱ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ካማኔ ያለችው ነገር የለም ብለዋል። እኔ ግን እላለሁ፤ ሰው መሳቂያ ሆኖ ቤቱን አያድንም። መኸር ሲመጣ ካማኔዎችሽ ያልቃሉ፣ ራሱ ባልትሩስ ነግሮሻል። ቀያሹ ደግሞ የሚመጣው በመኸር ነው። ያን ጊዜ ባዶ ቀፎና የተቆጣ ዋርሳ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ይህን አስበሽበታል?

ከወጥ ቤቱ ጎን ያለውን ክፍል ኖራ አስቀብቻለሁ።

ኡርሹሌ


ማርጊሽኬስ፣ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ

እትዬ ኡርሹሌ፣

ብዕር ዶለዶመ ብለሽ አታሹፊብኝ። ፊደል በቅርብ ብማርም የማየው ብዕሩን ሳይሆን የሚጣመመውን መስመር ነው። ስለ እሱ ቆይቼ እጠይቅሻለሁ።

ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል። ስለ መንጋው የሰማሽው ስህተት ነው፤ አልገደልኩትም።

ከበዓሉ ማግስት የባልትሩስ ንብ ወጣ። ብዙ ዛፍ እያለ የእኔ ፖም ዛፍ ላይ አረፈ፤ እንደ ጥቁር ሙክት ተንጠለጠለ። መንደሩ ደስ አለው። ሲልቨስትራስ ከመንገድ ሆኖ እግዚአብሔር ራሱ ፈረደ እያለ ያማትባል። የንብ ዝምድናችን እንደገና ሊጸና ነው፤ ባልትሩስም በቀያሹ ፊት አፉ ሊዘጋ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ደጃፌ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳንኩ ብዬ ነበር።

ከዚያ የባልትሩስ ሚስት ሮዛሊያ አንሶላ ይዛ መጣች። ልትወስዳቸው መስሎኝ ልቆጣ ስነሣ፣ «ቁጭ በይ» አለችኝ። «ባልትሩስ ነው የላከኝ። አንሶላውም ላንቺ ነው። ይቀመጡልሽ፣ ያንቺ ይሁኑ ብሏል።»

«ምን ፈልጎ?»

«ምን ይፈልጋል? ዘመድነት ነዋ። ሰው ሁሉ የሚፈልገውን። እስክትሞቺ በቤትሽ ትኖሪያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያው፣ ለማን ትተሽው ትሄጃለሽ? እሱ በቀያሹ ፊት ስለ አንቺ ክፉ አይናገርም።» አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አንቺም ስለ እሱ አትናገሪም።»

ኡርሹሌ፣ የነቃሁት እዚህ ላይ ነው።

አንሶላውን ከእጇ ነጠቅኳት። በርጩማ ላይ ወጥቼ ቅርንጫፉን ሳራግፈው መንጋው ዱብ አለ፤ ጥቂቱ አንሶላው ላይ፣ ጥቂቱ ፊቴ ላይ። አውራዋ ከመሃል ስለነበረች የተቀረው ተከትሏት ገባ። አራቱን ጫፍ ቋጠርኩና «እንቺ፣ ውሰጂለት። ዘመድ አልፈልግም ብላለች በይው» አልኳት።

«አፖሎኒያ፣ መንጋ ተመልሶ አያውቅም።»

«አሁን ተመለሰ።»

የሚጮህ ቋጠሮዋን ይዛ ስትሄድ መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ እንደ ሬሳ ሳጥን ባርኔጣቸውን አወለቁላት። ሲልቨስትራስ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰላም አይለኝም።

አፖሎኒያ


ከቄሱ ቤት፣ በመከር መግቢያ

ፖሌ፣

ምን ነካሽ? እግዚአብሔር ደህንነትሽን ዛፍሽ ላይ ሰቅሎልሽ አንቺ በአንሶላ ጠቅልለሽ መለስሽው። አባታችን ቢኖር በልጓም ይገርፍሽ ነበር። በቤትሽ መሞት ነበር የፈለግሽው፤ ያንኑ ሰጡሽ። ሌላ ምን ፈለግሽ?

ስለ ብዕሩ ደግሞ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ፤ እንግዲህ ስሚ። ይህን የምትጽፍልኝ ቄሱ ቤት የምትሠራው ቪንጼንታ ናት። ዓይኔ ከፋሲካ ጀምሮ እየደከመ ነው። ድንች ስልጥ ጣቴን እልጣለሁ። ቄሱ እስካሉ አይጥሉኝም፤ ከእሳቸው በኋላ የሚመጣው ግን የራሱን ሠራተኛ ይዞ ይመጣል።

አዎ፣ ባልትሩስ በንግሡ ጊዜ መጥቶ ነበር። አንቺን ወደዚህ እንድወስድሽ ጠየቀኝ፤ እኔም እሺ አልኩት። መሬቱን አስቤ አይደለም። የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ኡርሹሌ


ማርጊሽኬስ፣ የፍልሰታ ማርያም ማግስት

እትዬ ኡርሹሌ፣

ቪንጼንታ የምትባይ ልጅ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ አንድም ቃል እንዳታለሰልሺ።

ከባልትሩስ ጋር ተማክረሽብኛል። ለዚህ ፊትሽን ባይ የምለው ነበረኝ፤ አንቺ ግን የእኔን ፊት ስለማታዪው ይቅር። ዓይንሽን ከፋሲካ ጀምሮ ደብቀሽኛል፤ ይህን ነው የማልረሳልሽ። በሲልቨስትራስ እንባ ስትታለይ ከርመሽ፣ እኔ በራሴ እጅ ስጽፍልሽ አንቺ ትዋሺኝ ጀመር።

አሁን ሌላ ምን ፈለግሽ ላልሽኝ፣ አፌን ነው የፈለግሁት።

ግራጫዋን ባዝራ ታስታውሻታለሽ፤ አባታችን ለሠርጌ የሰጠኝን። ባልትሩስ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ሮዛሊያን ሊያገባ ፈልጎ ያለ ፈረስ ልጁን የሚሰጠው አማት አጣ። ባዝራዬን ጠየቀን። በምትኩ የድርሻውን ግማሽ ግቢና ከጉብታው ወዲህ ያለውን ሜዳ ለእኛ ተወ። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚሁ ቀፎ ላይ እጅ ለእጅ ተመታተው ተስማሙ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከመካከላችን ፊደል የሚያውቅ ማን ነበርና ይጻፍ? ባዝራዋ ሄደች፣ እኔ በእግሬ ቅዳሴ ስሄድ ዕድሜዬን ጨረስኩ። መሬቱ የባሌ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ባዝራ ናት የገዛችው።

የንብ ዘመዱ ብሆን ይህን በቀያሹ ፊት መናገር ነውር ነው። መንጋውን የላከልኝ ለዚህ ነው። አስቀድሞ የእሱን አፍ ሊዘጋልኝ መስሎኝ ደስ ያለኝ ጅል ነበርኩ፤ የሚዘጋው የእኔ ነው። ካማኔዎቹንም ለዚያው አስገብቼ ነበር፤ ዝምድናው አልሞተም ብዬ ልከራከር። ለካ የገዛ አንደበቴን ልሸጥ ነበር። ባልትሩስ ትክክል ነው። ካማኔ ንብ አይደለችም። እኔም የማንም የንብ ዘመድ አይደለሁም፤ እናገራለሁ።

እነሱም እያለቁ ነው። አበባ ላይ ተኝተው አድረው የማይነቁ አሉ። አዳዲሶቹ አውራዎች ወጥተው ሄደዋል፤ የት እንደሚገቡ አላየሁም።

ብሸነፍ የት ትገቢያለሽ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ብሸነፍ እንኳ ተናግሬ ነው።

አፖሎኒያ


ማርጊሽኬስ፣ ከቅዱስ ማርቲን በፊት

እትዬ ኡርሹሌ፣

በሦስት ደብዳቤ የጠየቅሽውን በአንድ ልመልስልሽ። ቶሎ ያልጻፍኩት ከቁጣ አልነበረም፤ ካሮትና ጎመን ሳላስገባ ብርዱ ስለቀደመኝ ነው።

ቀያሹ መጣ። ሙሉ ቀኑን ልተርክልሽ አልችልም፤ ቆሜ ስለነበር የማስታውሰው እግሬን ነው። ባልትሩስ ጥሩ ተናገረ። ልጅ የላትም፣ አርጅታለች፣ ቀፎዋ ውስጥ እንኳ የምታስገባውን አታውቅም አለ፤ ሰው ሳቀ። እኔ ስለ ባዝራዋ ተናገርኩ። ባዝራ የሚባል ነገር አላውቅም አለ። ሲልቨስትራስም ተጠየቀ፤ በጣም ቆየ፣ ረሳሁት አለ። እርጅናው ሲያስፈልገው ይመጣለታል።

ቀያሹ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ሮዛሊያን አየሁና አንድ ነገር ጠየቅኳት። «ሮዛሊያ፣ ለሠርግሽ ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ ነበር እንዴ የመጣሽው?»

ኡርሹሌ፣ ያቺ ሴት መዋሸት ትችላለች። ባሏን ትፈራለች። ግን መንደሩ ሁሉ ቆሞ፣ የሁለት ልጆቿ ሚስቶች እዚያው ቆመው እያዩ፣ በእግሯ የተዳረች ናት ሊባል ነው። ቀላች። «በበረዶ ሸርተቴ ነው የመጣሁት፤ ቃጭል የታሰረባት ግራጫ ባዝራ እየጎተተችኝ» አለች። ቀያሹም የማን ባዝራ እንደነበረች ጠየቃት። ባልትሩስን አላየችውም። «የእሷ ነበረች» አለች ወደ እኔ ጠቁማ። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሁሉንም አላገኘሁም። በወንዙ በኩል ያለው ረጅሙ ማሳ ወደ ባልትሩስ ሄደ፤ የአዶማስ ላብ ነበረበት፣ ለዚያ ቀን ሙሉ ተንገበገብኩ። ቤቱ፣ ግቢውና ከጉብታው ወዲህ ያለው ሜዳ ግን በስሜ ተጻፈ። በአዶማስ ሚስትነት ሳይሆን በስሜ።

አንቺ ነሽ አሁን የቀረሽው። ቄሱ ወደ ሌላ ደብር እንደሚሄዱ ቪንጼንታ ከራሷ ጨምራ ጽፋልኛለች፤ አትቆጪያት። መንገዱ በረዶ ሲይዝ የዱቄት ነጋዴው በዚያ ያልፋል፤ ያመጣሻል፣ ተነጋግሬአለሁ። የሚቀበልሽ ክፍል ኖራ አልተቀባም፤ አታዪውም። ማታ ማታ አነብልሻለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ትታገሻለሽ። ባልትሩስን ሰላም በዪው ብለሽ እንዳትለምኚኝ ግን። ይህ ከሆነ እዚያው ቅሪ።

ትናንት እሱ ራሱ መጣ፤ ከክርክሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አጥሩን አልፎ አልገባም። ጉብታው የወሰኑን መስመር ስለሚያጣምምበት ከበረዶው በፊት አብሮ ሊያርሰው ፈለገ፤ ለሁለታችንም ይቀለናል አለ። አይሆንም አልኩት። እንደ መሳቅ አለና፣ ለካማኔዎችሽ አውራ ብለሽ ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ ለምን?» አለ።

ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በራሴ መሬት ላይ ምክንያት አልሰጥም።

አፖሎኒያ